የሌዘር ቆብና የፀጉር መሳሳት፦ ከመካነ ሰላም ሆኖ መሣሪያ መምረጥ

ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር ቆዳን ሳይቆርጥና ሳያቃጥል በቀይ ብርሃን ብቻ የሕዋሳትን ሥራ ለማነቃቃት የሚያገለግል የሕክምና ዘዴ ነው። ለፀጉር መሳሳት የሚሸጡት መሣሪያዎች በአብዛኛው ከ630 እስከ 680 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ያመነጫሉ። የእያንዳንዱ የሌዘር ዳዮድ ጉልበት 5 ሚሊዋት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። መሣሪያዎቹ በሦስት መልክ ይገኛሉ፤ በእጅ ተይዞ ፀጉር ውስጥ የሚያልፍ ማበጠሪያ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ አናት ላይ የሚቀመጥ ቅስት፣ መላውን አናት የሚሸፍን ቆብ ወይም ሄልሜት። ቆቡ በመልክ የሴቶች ፀጉር ቤት ካስክ ቢመስልም ሥራቸው አይገናኝም። ካስክ በሙቅ አየር ፀጉር ያደርቃል፤ ሌዘሩ የሚሠራው በብርሃን ስለሆነ የሙቀቱ መጠን የጥራቱ ምልክት ሊሆን አይችልም።

በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ፣ በአጅባር ወይም በወግዲ ለሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገኝበት መንገድ ጠባብ ነው። አንዱ መንገድ አዲስ አበባ ተቀምጠው በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚያስተዋውቁ ነጋዴዎች ናቸው። ሌላው ዘመድ ነው፤ ደቡብ ወሎ ወደ ሳውዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ብዙ ሰው የሚሄድበት ዞን በመሆኑ፣ አሜሪካና አውሮፓም የሚኖር ወንድም ወይም እህት ያለው ቤተሰብ ስላለ፣ ዕቃው በሻንጣ ሊመጣ ይችላል። በሁለቱም መንገድ ገዢው ዕቃውን ሳያየው ይከፍላል፤ ከተበላሸም የሚመልስበት ቦታ የለውም። የታወቁት መሣሪያዎች ዋጋ ከ200 የአሜሪካ ዶላር አካባቢ ጀምሮ እስከ 3000 ዶላር ይደርሳል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር 500 ዶላር የሚያወጣ ቆብ 28500 ብር ያህል ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይሞሉ ምንዛሪው ከ100 ብር በላይ ሲሆን ያው ቆብ ከ50000 ብር አለፈ፤ ከዚያም ወዲህ አልረከሰም። ይህ የአንድ መምህር ወይም የአንድ ነርስ የብዙ ወር ደመወዝ ነው።

ይህን ያህል ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «የትኛው ስም ያለው ይሻላል?» የሚለው አይደለም። የሚቀድመው ፀጉሩ በምን ምክንያት እንደሳሳ ማወቅ ነው። ሌዘሩ የተፈተነው ለአንድ ዓይነት የፀጉር መሳሳት ነው፤ በዚህ ደጋ ፀጉር ከሚያረግፉት ነገሮች ብዙዎቹ ደግሞ ከዚያ ዓይነት ውጭ ናቸው።

ዘዴው የተገኘው ሳይታሰብ ነው። ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን የሩቢ ሌዘር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ በቡዳፔስት የሴመልዌይስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበረው ኤንድሬ ሜስተር ይህ ብርሃን በዕጢ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ፀጉራቸው የተላጨ አይጦችን ጀርባ ደካማ ኃይል ባለው ሌዘር መታ። በዕጢው ላይ ለውጥ አላየም፤ ብርሃኑ ያረፈባቸው አይጦች ፀጉር ግን ካልተነኩት ቀድሞ በቀለ። ያ ምልከታ ፈቃድ ያገኘ የንግድ ዕቃ እስኪሆን አርባ ዓመት ፈጅቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሄርማክስ የተባለውን የሌዘር ማበጠሪያ ለወንዶች እንዲሸጥ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን ለሴቶች የፈቀደው በ2011 ነው። ከዚያ በኋላ አይግሮው፣ ካፒለስ፣ ቴራዶም፣ አይሪስቶር የሚባሉት ቆቦች ተከታትለው ወጡ።

ብርሃኑ በፀጉር ሥር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። በሰፊው ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ እንዲህ ይላል፤ በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚመረትበት ሚቶኮንድሪያ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ ይህ ኢንዛይም ቀይ ብርሃንን ይቀበላል፤ በላዩ የተጣበቀው ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲለቀቅ ሕዋሱ የበለጠ ኃይል ያመርታል፣ የደም ሥሮችም ይሰፋሉ። በዚህ ግፊት በዕረፍት ላይ ያሉ የፀጉር ሥሮች ወደ ዕድገት ዘመናቸው ይመለሳሉ፣ በዕድገት ላይ ያሉትም እዚያው ይቆያሉ ተብሎ ይታመናል። ከዚህ ማብራሪያ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው የፀጉሩ ሥር በሕይወት መኖር እንዳለበት ነው፤ ለዓመታት የጠፋና ቆዳው ለስልሶ የሚያብረቀርቅ መላጣ በብርሃን አይበቅልም። ሁለተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። የሕዋሳት ምላሽ እስከ ተወሰነ መጠን ይጨምርና ከዚያ በላይ ሲሆን ይቀንሳል፤ ቶሎ ይድናል ብሎ በቀን ሦስት ጊዜ ቆብ መድፋት ውጤቱን ሊቀንሰው እንጂ ሊያፋጥነው አይችልም።

ማስረጃው እውነተኛ ነው፣ ግን ልኩ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት 110 ወንዶች በሄርማክስ ማበጠሪያ ወይም መልኩ ተመሳሳይ በሆነ ሌዘር አልባ ዕቃ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ15 ደቂቃ፣ ለ26 ሳምንታት ታክመዋል። በእውነተኛው የታከሙት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር በአማካይ 17 ያህል ፀጉር ሲጨምሩ፣ ሌላው ቡድን 9 ያህል ፀጉር አጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውና 128 ወንዶችንና 141 ሴቶችን ያካተተው ጥናትም በተመሳሳይ አቅጣጫ የሄደ ውጤት አግኝቷል። በ2013 ደግሞ ሄልሜት መሰሉን መሣሪያ በ44 ወንዶች ላይ የሞከረው ጥናት ከ16 ሳምንታት በኋላ የ39 ከመቶ ጭማሪ መዝግቧል። ማስታወቂያዎች የሚያስተጋቡት ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ነው። ነገር ግን በመቶኛ የሚነገር ጭማሪ መነሻው ስንት እንደነበር ካልታወቀ ብዙ አይናገርም፤ ጥቂት ፀጉር ካለበት ቦታ ላይ ጥቂት ፀጉር ሲጨመር መቶኛው በራሱ ያብጣል። ጤነኛ አናት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር እስከ 200 የሚጠጋ ፀጉር ሊኖረው እንደሚችል ከታሰበ፣ 17 ፀጉር ማለት ክፍተትን የሚያቀልል እንጂ መላጣን የሚሸፍን አይደለም። ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ በአምራቾቹ ገንዘብ መካሄዳቸውና የቆይታቸው ማጠርም አብሮ መመዘን ያለበት ነገር ነው።

የአሜሪካው ፈቃድ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ገዢው ቢያውቅ ይጠቀማል። አንድ አዲስ መድኃኒት ገበያ ከመግባቱ በፊት በሰፋፊ ጥናት ማዳኑን ማረጋገጥ አለበት። የሌዘር ማበጠሪያዎችና ቆቦች ግን የሄዱት በሌላ በር ነው፤ አምራቹ መሣሪያው ቀደም ሲል ከተፈቀደ ተመሳሳይ መሣሪያ ጋር በደኅንነትና በአሠራር የሚመጣጠን መሆኑን ካሳየ ለገበያ ይበቃል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ የሚታየው የአስተዳደሩ ስም ዕቃው ከባድ ጉዳት እንደማያደርስና ከሌሎቹ እንደማያንስ ይናገራል፤ ፀጉር ለመመለሱ ዋስትና አይደለም።

ለኢትዮጵያዊ ገዢ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ያለው በዚያው ፈቃድ ሰነድ ውስጥ ነው፤ ሻጮች ሲጠቅሱት ግን አይሰማም። የሄርማክስም ሆነ ተከታዮቹ ፈቃድ የሚመለከተው በፊትዝፓትሪክ የቆዳ ምደባ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያሉ ሰዎችን ነው። ይህ ምደባ ቆዳን በፀሐይ ከሚነደው ከነጩ ጀምሮ እስከ ጠቆረው በስድስት ደረጃ ይከፍላል። 5ኛውና 6ኛው ቡናማና ጥቁር ቆዳ ናቸው። በወሎ ደጋ ከቀይ ዳማ እስከ ጥቁር ያለ ሰው አብሮ ስለሚኖር አንዳንዱ 4ኛው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ብዙው ሰው ግን ከዚያ በላይ ነው። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ቀይ ብርሃንን በከፊል ስለሚውጥ ወደ ፀጉሩ ሥር የሚደርሰው መጠን ሊያንስ ይችላል። በ5 ሚሊዋት ብርሃን ጠቆር ያለ ቆዳ ይቃጠላል የሚል ሥጋት የሚያሳድር ነገር የለም፤ የጎደለው የውጤት ማስረጃ ነው። ቆቡ በጥቁር ቆዳ ላይ አይሠራም ማለትም አይቻልም። የሚቻለው ዋጋውን በሙሉ የሚከፍለው ሰው ፈተናው ካላካተታቸው ሰዎች መካከል መሆኑን መናገር ነው፤ ይህም ከክፍያ በኋላ ሳይሆን ከክፍያ በፊት ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው።

የፀጉሩ ዓይነትም የራሱ ጥያቄ አለው። ጥቅልል ያለና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ብርሃኑን ከላይ ይይዘዋል። ለስላሳ ፀጉር ባላቸው ሰዎች ላይ የተሞከረ ቆብ በጎፈሬ ላይ ቢደፋ ብርሃኑ ፀጉሩን አብርቶ ቆዳው ዘንድ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ማበጠሪያውና ጥርስ ያላቸው ቅስቶች ፀጉሩን እየከፈሉ ብርሃኑን ወደ ቆዳ ለማድረስ ስለተሠሩ በዚህ ረገድ ብልጫ አላቸው፤ ነገር ግን በየቦታው እያንቀሳቀሱ መያዝ ስለሚጠይቁ ብዙዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይተዉአቸዋል። ፀጉሩን በአጭሩ የሚቆረጥ ወንድ ከቆቡ ሊጠቀም ይችላል። ረጅም ፀጉር ያላት ሴት በየጊዜው እየከፈለች መጠቀም ይኖርባታል፤ በሹሩባ መስመሮች መካከል የሚታየው ቆዳ ብርሃን ቢያገኝም በተሠራው ፀጉር የተሸፈነው አያገኝም። ቅቤ ወይም ዘይት የተቀባ ፀጉርም ከመጠቀም በፊት መታጠብ አለበት።

ሌዘሩ የተፈተነበት የፀጉር መሳሳት በዘርና በሆርሞን የሚመጣው ነው። በወንዶች ግንባር ላይ ግራና ቀኝ እያፈገፈገ፣ አናት ላይ እየሳሳ ይሄዳል፤ በሴቶች የግንባሩ መስመር ሳይነካ ፀጉር የሚከፈልበት መሐል መስመር ይሰፋል። ቴስቶስቴሮን ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን ሲለወጥ በዘር የተጋለጡ የፀጉር ሥሮች በየዙሩ እየጠበቡ፣ ፀጉሩም እየቀጠነ ይመጣል። አባቱ ወይም የእናቱ ወንድሞች ራሰ በራ የሆኑበት፣ ቆዳው ጤነኛ የሆነ፣ ለውጡም በዓመታት ቀስ ብሎ የመጣ ሰው ምናልባት በዚህ ውስጥ ነው። ከዚህ ውጭ ያሉት የየራሳቸው መልክ አላቸው።

የመጀመሪያው ከሹሩባ አሠራር የሚመጣው ነው። ሹሩባ በዚህ አካባቢ ክብር ያለው ቅርስ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከአፄ ቴዎድሮስ አስከሬን ተቆርጦ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ቁንዳላ እንኳ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከለንደኑ የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ወደ አገሩ የተመለሰው በክብር ነው። ስለዚህ ሹሩባ ይቅር የሚል ምክር አይሰማም፣ አስፈላጊም አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ከማጥበቅ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ግንባር ላይ እየተሳበ የሚሠራ ሹሩባ፣ በላዩ ላይ የሚሰፋ ሂውማን ሄር፣ ከባድ ዊግ የግንባሩንና የጆሮ ግንዱን ፀጉር ከሥሩ ይጎትታል። መጀመሪያ ብጉር መሰል ነገርና ሕመም ይታያል፤ ከዚያ ፀጉሩ ይሳሳል፤ ዓመታት ካለፉ ሥሩ በጠባሳ ይተካል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለች ሴት ሥራውን ብታላላና ፀጉሯን ለጥቂት ወራት ብታሳርፍ ያለ ምንም ወጪ ይመለስላታል። ጠባሳው ከጀመረ ሌዘር አያድናትም። እየጎተተች የምትቀጥል ሴት ራሷ ላይ የምትደፋው የ50000 ብር ቆብም ምንም አይለውጥም።

ከዚህ የሚከፋው ከአናት መሐል ጀምሮ ክብ እየሰራ የሚሰፋው ጠባሳ አምጪ የፀጉር መርገፍ ነው። በተለይ አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ሴቶች ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከፓዲ3 ጂን ለውጦች ጋር አያይዞታል፤ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካልና የጋለ ካውያም ሳያባብሱት አይቀሩም ተብሎ ይጠረጠራል። አናት ላይ ስለሚጀምር በሆርሞን ከሚመጣው ጋር በቀላሉ ይምታታል። ልዩነቱ ማቃጠሉ፣ ማሳከኩ፣ ሲነካ ማመሙና ቆዳው እየለሰለሰ የፀጉር ቀዳዳዎቹ መጥፋታቸው ነው። እንዲህ ያለች ሴት ስድስት ወር ሌዘር ስትሞክር የምታባክነው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ቀላል በሆነ ነበር። በእነዚያ ስድስት ወራት በቶሎ ቢታከም ሊድን የሚችል ፀጉር ለዘለዓለም ይጠፋል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወሰድ ቢሆን ይህ ቢሆን ይሻላል።

በልጆች ላይ ፀጉር በየቦታው ተቆርጦ፣ ቅርፊት ሠርቶ የሚታየው በአብዛኛው ቆረቆር ነው። ይህ በፈንገስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ሲሆን በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው። የሚድነው ለሳምንታት በሚዋጥ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ባለ መድኃኒት ነው፤ ቅባት ብቻውን ወደ ፀጉሩ ሥር አይደርስም። ሌዘር ፈንገስ አይገድልም። ላሽ ደግሞ ቅርፊት የሌለው፣ ድንገት የሚታይ ክብ ራቁት ቦታ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ራሱ የፀጉሩን ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ሐኪም በስቴሮይድ ያክመዋል።

ከወሊድ፣ ከታይፎይድ፣ ከወባ ወይም ከሌላ ከባድ ትኩሳት ከሁለት እስከ አራት ወር በኋላ ማበጠሪያው ሙሉ ፀጉር መርገፍ ሲጀምር ምክንያቱ ሌላ ነው። ሰውነት በጭንቁ ወቅት ብዙ የፀጉር ሥሮችን በአንዴ ወደ ዕረፍት ያስገባል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አብረው ይወድቃሉ። በጤነኛ ጊዜም በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይወድቃል፤ በዚህ ወቅት ከዚያ ብዙ ይበልጣል። ይህ መርገፍ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ በራሱ ይቆማል። ሌዘሩ በትክክል በዚያ ጊዜ ከተገዛ ምስጋናው ሁሉ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ በየማስታወቂያው ከሚታዩት የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ፎቶዎች የተወሰኑት እንዲህ የተገኙ ሊሆኑ ይችላሉ። የደም ማነስና የብረት እጥረትም ፀጉር ያሳሳሉ፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። የእንቅርት ዕጢ መዛባትም እንዲሁ ነው። እነዚህ የሚታወቁት በደም ምርመራ ነው፤ የሄሞግሎቢን ምርመራ ውድ አይደለም።

ቅንድብ አብሮ የሚረግፍ ከሆነ፣ የሚደነዝዝ ወይም ስሜት ያጣ የቆዳ ቦታ ካለ የሥጋ ደዌ ምርመራ ሊታለፍ አይገባም። ብል የበላው ልብስ በሚመስል መልክ እዚህም እዚያም የሚሳሳ ፀጉር ደግሞ የቂጥኝ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ፈጽመው የሚድኑ በሽታዎች ናቸው።

ለዚህ ሁሉ ምርመራ የሚኬድበት ቦታ አለ። መካነ ሰላም ሆስፒታል የመጀመሪያው በር ነው፤ ከራስ ቆዳ የተፋቀ ቅርፊት በማይክሮስኮፕ አይቶ ፈንገስ መኖሩን መለየት ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። ጠባሳ የሚጠረጠር ከሆነ ግን የቆዳ ሐኪም ማየት አለበት። ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ነዋሪ በዚህ ሙያ የሚታወቀው ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ረጅም ልምድ አለው። በአዲስ አበባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት አለ። በአቀስታ በኩል እስከ ደሴ ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪም አለው። ሆኖም ያ ወጪ ተደምሮ የአንድ ርካሽ ማበጠሪያ ዋጋ አይደርስም።

ምርመራው በዘርና በሆርሞን የሚመጣ መሳሳት መሆኑን ካረጋገጠ ሌዘሩ ከመድኃኒቶቹ ጋር መወዳደር አለበት። ሚኖክሲዲል የተባለው የሚቀባ ፈሳሽ በአሜሪካ ለወንዶች ፀጉር ከተፈቀደ እ.ኤ.አ. ከ1988 ወዲህ በብዙ ሰው ላይ ተሞክሯል፤ በ2 እና በ5 ከመቶ መጠን ይዘጋጃል። የሚዋጠው ፊናስቴራይድ በ1 ሚሊግራም መጠን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጥም፣ በአንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ ያለ ሐኪም መጀመር የለበትም። ሚኖክሲዲል ቆዳ ሊያሳክክ፣ ፊት ላይ ፀጉር ሊያበቅል ይችላል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም አትጠቀምበትም። እነዚህ ጉድለቶች እያሉም ሚዛኑ ወደ ሚኖክሲዲል ያደላል፤ ለአንድ ወር የሚሆን ገዝቶ መጀመር፣ ካልተስማማም መተው ይቻላል። ሌዘሩ ሙሉ ዋጋውን በአንድ ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ሌዘሩ ቦታው ሁለተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ላልተስማማው ወይም በመድኃኒቱ ላይ ለመጨመር ለሚፈልግና አቅም ላለው ሰው።

እስከዚህ ደርሶ ለመግዛት የወሰነ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሞገድ ርዝመቱን ነው። ጥናቶቹ የተካሄዱት በአብዛኛው በ655 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ቴራዶም 678 ይጠቀማል። ሻጩ ቁጥሩን የማያውቅ ከሆነ ወይም «ቀይ ብርሃን ነው» ብቻ የሚል ከሆነ ግዢው እዚያው ሊቆም ይገባል። ቀጥሎ የሚመጣው ብርሃኑ ሌዘር ነው ወይስ ኤልኢዲ የሚለው ነው። በገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ቆቦች ብዙዎቹ በተራ ቀይ ኤልኢዲ የተሞሉ ናቸው። አይግሮውና የመጀመሪያው አይሪስቶር እንኳ ከ51 መብራቶቻቸው ሌዘር የሆኑት 21 ብቻ ሲሆኑ 30ዎቹ ኤልኢዲ ናቸው፤ ይህን አምራቾቹ ራሳቸው ይገልጻሉ። ኤልኢዲ ምንም አይሠራም ማለት አይደለም፤ ግን የ80 ሌዘር ዋጋ ከፍሎ 80 ኤልኢዲ መውሰድ መታለል ነው። ሁለቱን ቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። መሣሪያውን ወደ ዓይን ሳያዞሩ ነጭ ወረቀት ላይ ሲያበሩት፣ የሌዘር ነጥብ የሚርገበገቡ ጥቃቅን ፍንጣሪዎች የተበተኑበት ይመስላል፤ የኤልኢዲ ብርሃን ልሙጥ ሆኖ ይፈሳል።

ለዳዮዱ ብዛት የሚገባው ክብደት በማስታወቂያ ላይ ከሚሰጠው ያነሰ ነው። 80 ዳዮዶች እያንዳንዳቸው 5 ሚሊዋት ቢያወጡ ድምሩ 400 ሚሊዋት፣ 272 ቢሆኑ 1360 ሚሊዋት ይሆናል። ትርፉ ሽፋን ነው፤ ብዙ ዳዮድ ያለው ቆብ ክፍተት ሳይተው አናቱን ያዳርሳል፣ ጊዜም ይቆጥባል። አንዱ የፀጉር ሥር ከላዩ ካለው ዳዮድ የሚያገኘው ብርሃን ግን ያው ነው። አናቱ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ የሳሳችበት ሰው 9 ወይም 12 ዳዮድ ያለው ማበጠሪያ ይበቃዋል። የሚያስፈልገው ጊዜም በየመሣሪያው ይለያያል፤ ካፒለስ በየቀኑ 6 ደቂቃ፣ ቴራዶም በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ፣ አይግሮውና የመጀመሪያው አይሪስቶር በየሁለት ቀኑ 25 ደቂቃ ይጠይቃሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ በሳምንት ሁለት ቀን የሚበቃው፣ የራሱ ባትሪ ያለው መሣሪያ ከሁሉም ይመቻል። በቀጥታ ከግድግዳ ካልተሰካ የማይሠራ ዕቃ መርሐ ግብሩ በየሳምንቱ ይዛባል፤ የዚህ ሕክምና ጥቅም ደግሞ ያለው ባለማቋረጥ ላይ ብቻ ነው።

ዋስትና በወረቀት ላይ ያለውና ከመካነ ሰላም ሆኖ የሚሠራው አንድ አይደሉም። ብዙ አምራቾች ዋስትናቸውን የሚያከብሩት ከራሳቸው ወይም ከታወቀ ወኪላቸው ለተገዛ ዕቃና በተገዛበት አገር ነው። በዘመድ በኩል የሚገዛ ሰው የመለያ ቁጥሩንና ደረሰኙን በገዢው ስም ማስቀመጥ፣ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍም ዘመዱ እዚያው አብርቶ እንዲያየው ማድረግ አለበት። በአገር ውስጥ የሕክምና መሣሪያዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በሱቅ ወይም በቴሌግራም የሚሸጥን ዕቃ ምዝገባ መጠየቅ የገዢ መብት ነው፤ ሻጩ መልስ ካጣ ይህ ራሱ መልስ ነው።

በአጠቃቀም ረገድ አደጋው ጥቂት ነው። ብርሃኑ ዓይን ውስጥ በቀጥታ መግባት የለበትም፤ ሕፃናት እንዳይጫወቱበት መቆለፍ ያስፈልጋል። ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጡ እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን መጠየቅ ይኖርበታል። ነፍሰ ጡሮች በጥናቶቹ ስላልተካተቱ ባይጠቀሙ ይመረጣል። ራስ ላይ ጥርጣሬ የሚያሳድር ቁስል ወይም ዕጢ ያለበት ሰው መጀመሪያ መታየት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉር ትንሽ ጨምሮ ሊረግፍ ይችላል፤ በዕረፍት ላይ የነበረው አሮጌ ፀጉር ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ ነውና ለማቆም ምክንያት አይሆንም።

ውጤቱ የሚመዘነው በስሜት ሳይሆን በፎቶ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየወሩ በአንድ መስኮት ብርሃን፣ በአንድ ርቀት፣ ፀጉሩ ደርቆና በአንድ መስመር ተከፍሎ መነሳት አለበት። ፀጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ ከአራት ወር በፊት የሚታይ ነገር መጠበቅ ከንቱ ነው። የትላልቆቹ ጥናቶች ጊዜ 26 ሳምንት ስለሆነ ፍርዱም በስድስተኛው ወር ይሰጣል። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፎቶ ልዩነት ከሌላቸው፣ ወይም መሳሳቱ ቀጥሎ ከሆነ መሣሪያው ለዚያ ሰው አልሠራም፤ የሚቀጥለው እርምጃ ምርመራውን መድገም እንጂ የሚበልጥ ዳዮድ ያለው ቆብ መግዛት አይደለም። ለውጥ ከታየም ሕክምናው ማብቂያ የለውም፤ ከተቋረጠ ያተረፈው ፀጉር በወራት ውስጥ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ከዋጋው ጋር መደመር ያለበት የባትሪው ዕድሜ ነው፤ ባትሪው ሲሞት የሚለወጥ መሆኑ፣ መለዋወጫውም በየት እንደሚገኝ ከግዢው በፊት መጣራት አለበት።